የአሰግድ ኪኒን

የእድራችን ጡሩንባ ነፊ የአሰግድን ስም ሲጠራ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እርጥቡን አንሶላ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አልጋው ላይ፣ በእንቅልፉ፣ በሰላም ነው የሞተው አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ግርምት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ፣ ሲማታና ሲመታ የኖረ ሰው እንዴት እንዲህ ኮሽ ሳይል ይሄዳል?

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ አጠገቤ የነበረች ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹‹ይሄ በደርግ ጊዜ ለቀበሌው ሊቀመንበር ብሎ ልጆች ኪኒን ሲያበላ የነበረው መምህር ነው አይደል?›› አለችኝ። የያዝኩትን ንፍሮ መልሼ ሳህኑ ላይ አደረግኩት። ‹‹ያበላው አንድ ልጅ ነው። ለሊቀመንበሩም ብሎ አይደለም›› አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ዞር ዞር ብሎ አየን። ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ከአጠገቤ ራቅ አለች። እሷን ምን አደርጋታለሁ? የሰማችውን ነው የምታወራው። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኝ ስለነበር እኔም ሁሉንም ዝም ብዬ ስሰማ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሞቷል፤ መሐላውም አብሮት ሄዷል።

አቃቂ በነበረ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ኬሚስትሪ እናስተምር ነበር። ላቦራቶሪ የምትባለው አንዲት ክፍል የሁለታችንም ነበረች። እኔ ከኮሌጅ የወጣሁ ጀማሪ፣ እሱ ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚበልጥ አንጋፋ ነው። ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ‹‹አንቺ ልጅ›› ነበር የሚለኝ። አስካለ የሚለውን ስሜን ያወቀው አይመስለኝም።

ጥሩ ሰው ነበር ብዬ ላስውበው አልፈልግም። ተማሪ ይመታ ነበር። ጠመኔ ሲወረውር ዒላማ አይስትም፤ ሲብስበት የላቦራቶሪውን የጎማ ቱቦ ይመዛል። የመታውን ልጅ ግን ዝም ብሎ አይሰደውም። አጠገቡ አስቀምጦ፣ የምሳ ሰዓቱን ሰውቶ፣ ትምህርቱ እስኪገባው ድረስ ያስረዳዋል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ሲገርፍ አላስችል ብሎኝ ቱቦውን ከእጁ ነጠቅኩት። ‹‹አታፍርም?›› አልኩት። ቱቦውን ሳይሆን እኔን አየኝና ‹‹እኔን የገረፉኝ በዚህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እሮጥ ነበር›› አለኝ። በቀይ ሽብር ጊዜ ገልብጠው ሰቅለው የውስጥ እግሩን ተልትለውታል። ከዚያ በኋላ ትኩስ አመድ የረገጠ ሰው ይመስል በተረከዙ ነበር የሚሄደው።

አንገቱ ላይ ዳር እስከ ዳር የሄደ ጠባሳ ነበረው። የአቃቂ ሰው በጩቤ የተወጋ ነው ይል ነበር፤ ለእሱ ባሕርይም ይስማማል። ነገሩ ግን የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነው። እንቅርቱን ሲያወጡለት ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ጨርሶ ተነሥቷል። ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ነጭ ኪኒን ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ ይውጣል። ከዚያ ቀና ይልና ‹‹የዛሬውን አሰግድ ዋጥኩት›› ይላል። ሳይውጥ ቢውልስ ብዬ ብጠይቀው ‹‹አንድ ቀን ምንም አይደል። ወር ብውል ግን ሌላ ሰው ነው የምታገኚው፤ ቀዝቃዛ፣ ያበጠ፣ እንቅልፋም። መቼም ትወጂው ነበር›› ብሎ ሳቀ። ከጥቂት ሳቆቹ አንዷ እሷ ናት።

የማወራው ስለ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ክረምቱ እንዳለፈ አሰግድ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ካለው ረግረግ ገና እግር ያላወጡ፣ ጭራ ብቻ የሆኑ የእንቁራሪት ልጆች ቀድቶ መጣ። ከወንዙማ አይገኙም፤ ወንዙ በጨርቅ ፋብሪካው ቀለም አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወርደው። ሦስት የመስታወት ጠርሙስ ላይ ከፋፈላቸው። የመጀመሪያው ንጹሕ ውኃ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ያረጁ ኪኒኖቹን ፈጭቶ ጨመረ። ሦስተኛው ውስጥ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ዕጢውን ጸጥ እንዲያደርግለት ይወስደው የነበረውን፣ ተቃራኒውን መድኃኒት በጠበጠ።

ብዙም ሳይቆይ ተማሪው ሁሉ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን መለጠፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ ያሉት በተፈጥሯቸው ቀስ እያሉ ያድጋሉ። የሁለተኛው ጭራቸው ረግፎ፣ አራት እግር አውጥተው፣ ባቄላ የማይሞሉ እንቁራሪቶች ሆኑ። የሦስተኛው ወፈሩ፣ ተለቁ፣ እግር የሚባል ነገር ግን የላቸውም።

‹‹ይህ ኪኒን ያሳድጋል ያለኝን በጥፊ ነው የምለው›› ብሎ ጮኸ አሰግድ። ‹‹አያሳድግም! ሴሉን ‹ጨርስ!› ነው የሚለው። የጭራው ሴል ይሰማና ይሞታል። የእግሩ ሴል ያንኑ ቃል ይሰማና ይባዛል። አንድ ትእዛዝ ነው፤ አንዱ ይሞትበታል፣ ሌላው ይወለድበታል።››

‹‹ታዲያ ለምን አነሱ፣ ቲቸር?›› አለች አንዲት ልጅ።

‹‹መብላትና ማደግ በሚገባቸው ጊዜ ጨርሱ ስለተባሉ ነዋ! ሰውነታቸው ሳይደርስ አዋቂ ሆኑ። አብዛኞቹ ከነገ ወዲያ ይሞታሉ።››

እነዚያ ልጆች ከእንቁራሪቱ ሌላ የሚያስቡት ነበራቸው። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ነው፤ ትናንት አጠገባቸው የተቀመጠ ልጅ ዛሬ ታፍሶ ይሄዳል። ወሬው ግን ክፍሉ ውስጥ አልቀረም። የአቃቂ ሰው ያወራው ለየብቻው ነበር። የቀበሌ ሰዎች ጆሮ የደረሰው ‹‹በሳምንት አዋቂ የሚያደርግ መድኃኒት አለ›› የሚል ነው። እናቶች ጆሮ የደረሰው ደግሞ ‹‹ልጅን ልጅ አድርጎ የሚያቆይ መድኃኒት አለ›› የሚል።

ቀድማ የመጣችው እናት ናት። ዘይነባ ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነው፤ እሷ ደጇ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ሰኢድ የሚባል ልጇ ተማሪያችን ነው። ዕድሜው ለአፈሳ ደርሷል፤ መልኩ ግን ገና የልጅ ነው፤ ከንፈሩ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ዘይነባ ላቦራቶሪ ገብታ ሦስተኛው ጠርሙስ ፊት ቆመች።

‹‹መምህር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የዚህችን ኪኒን ይስጡኝ። ለሰኢድ።››

‹‹ምን አልሽ?››

‹‹ጢም ማብቀሉን ነው የሚጠብቁት። ይህ ጊዜ እስኪያልፍ እንደ ልጅ ይቆይልኝ። ከዚያ አቋርጠዋለሁ፤ ወላሂ አቋርጠዋለሁ።››

አሰግድ እንደዚያ ቀን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ‹‹አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ይህች የእንቁራሪት ልጅ፣ ልጅ ሆና የቀረች መሰለሽ? መሆን ያለባትን እንዳትሆን ነው የተከለከለችው! ይሄ ነገር ሰው ላይ ሲሆን አንጎልን ነው የሚያደነዝዘው። ልጅሽ ቂል ይሆንብሻል፤ ገባሽ? ቂል!››

‹‹ቂል ይሁንልኝ›› አለች ዘይነባ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ‹‹ቂል አይዘምትም።››

አሰግድ ትከሻዋን ይዞ ገፍትሮ አስወጣትና በሩን በኃይል ሲወረውረው የበሩ መስታወት ረገፈ። ከሰዓት በኋላ አላስተማረም። ስብርባሪው መሐል ወንበር ስቦ ተቀምጦ ዋለ።

በዚያው ሳምንት አፈሳው ትምህርት ቤታችን በር ላይ መጣ። የመውጫ ደወል ሲደወል አብዮት ጠባቂዎቹ ዱላና ጠመንጃ ይዘው በሩን ዘግተውት ነበር። ልጆቹ ወደ አጥሩ ሮጡ። አንዱ በሽቦው ላይ ሲዘል ጭኑ እስከ ጉልበቱ ተተረተረ፤ ደሙ እየፈሰሰ ነው የጎተቱት። ሰኢድን ከሽንት ቤቱ ጀርባ አገኙት። አንድ እግሩን ይዘው ጠጠሩ ላይ ሲጎትቱት ጉንጩ መሬት ለመሬት ይፋቃል፤ የደብተሮቹ ወረቀት ከኋላው ይበተናል። ‹‹ሕፃን ነው! ዓይናችሁ አያይም?›› ብዬ ስጮህ አንዱ በዱላ ክንዴን አለኝ። ክንዴ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ይነግረኛል።

በማግሥቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ጓድ ዘነበ፣ ሁለት ጠባቂ አስከትሎ ላቦራቶሪ ገባ።

‹‹በሳምንት እግር የሚያበቅል መድኃኒት አለህ አሉ።››

‹‹ለእንቁራሪት›› አለ አሰግድ።

‹‹አብዮቱን የሚጠቅም ነገር ይዘህ እንቁራሪት ትቀልብበታለህ?›› አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀጠለና እንደ ቤተሰብ ችግሩን አጫወተን። ባለፈው ዙር የላካቸውን ትንንሽ ልጆች ማሰልጠኛው ‹‹ሕፃናት ማሳደጊያ መሰልንህ?›› ብሎ መልሶበታል። አሁን ደግሞ ኮታው በአንድ ሰው ጎድሏል። ያለው ሰኢድ ብቻ ነው፤ ሰኢድ ደግሞ ልጅ ይመስላል። ‹‹የማሰልጠኛው መኪና እስኪመጣ ጊዜ አለን። ጢም ያውጣ፣ ድምፁ ይጎርንን። ሌላ ምንም አልፈልግም።››

አፈሙዙ ባይኖር እስቅ ነበር። አሰግድ ግን ቀስ ብሎ ወደ ሁለተኛው ጠርሙስ ሄደ። እጁን ከትቶ ከእነዚያ ባቄላ ከማይሞሉት አንዷን አወጣና ሊቀመንበሩ መዳፍ ላይ አስቀመጣት።

‹‹ይኸው ወታደርህ›› አለው። ‹‹ጠመንጃ አስይዘው።››

ዘነበ መዳፉን ጨበጠ። ሲዘረጋው እጁን በአሰግድ ነጭ ጋዋን ላይ ጠረገና ለጠባቂዎቹ በአገጩ ምልክት ሰጠ። የመጀመሪያው ሰደፍ አፉ ላይ አረፈ። ጥርስ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሲወድቅ ጠረጴዛውን ይዞት ወደቀ፤ ሦስቱም ጠርሙሶች ተከሰከሱ። በጫማ፣ በሰደፍ፣ በወንበር እግር ደበደቡት። እኔን አንደኛው ግድግዳ ላይ አጣብቆኝ ይዟል። እንቁራሪቶቹና ጭራ ብቻ የሆኑት ወፋፍራሞች ደምና መስታወት ውስጥ ይራገጣሉ። ከዚያ ሁለት እጁን ይዘው እየጎተቱ ወሰዱት። ያረጁትን ኪኒኖችም ይዘው ሄዱ።

ቤተሰብ ስላልነበረው ቀበሌ እስር ቤት ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። በቀድሞ የእህል መጋዘን ውስጥ እሱንና ሰኢድን አንድ ላይ ነው ያሰሯቸው። ልጁ ስንቅ ስሰጠው እጄን ይዞ አይለቅም፤ ዓይኑ ያበጠ፣ ጉንጩ በጠጠር የተላጠ ነው። አሰግድ ገንፎ ብቻ ነው የሚውጠው። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ አንድ ጠዋት ስደርስ ዘነበ ራሱ በፈገግታ ተቀበለኝ። አሰግድን አስወጥተው አጠገቡ አስቀምጠውታል።

‹‹አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ሂጂና ከአልጋዬ ራስጌ ያለውን ብልቃጥ አምጪ›› አለኝ አሰግድ። ‹‹የወሰዱት አርጅቷል፤ አይሠራም። ጥሩው እዚያ ነው። ለሰኢድ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ፤ መጠኑን የማውቀው እኔ ነኝ።››

ደሜ ፈላ። ያ ሰው፣ ዘነበ መዳፍ ላይ እንቁራሪት ያስቀመጠው ሰው! ‹‹ለቀሩት ጥርሶችህ ሳስተህ ነው?›› አልኩት እዚያው ሰው ፊት። ዘነበ ከት ብሎ ሳቀ። ደጅ ላይ ስንቅ ይዘው የቆሙ ሴቶች ሁሉን ሰሙ። ከመሐላቸው ዘይነባ ነበረች።

ብልቃጡን አምጥቼ ጥዬለት ልሄድ ስል ዘነበ አንዱን ጠባቂ ሊቆጣ ወጣ ብሎ ነበር። አሰግድ ቀሚሴን ያዘኝ። በተሰባበረው ጥርሱ መሐል እየተነፈሰ ነበር የሚያወራው።

‹‹ስሚኝ። ሰው እንቁራሪት አይደለም። ሰኢድ ጢም አያወጣም። ይህ ነገር ሲበዛ የሰውነቱን ሴል ሁሉ ያለ ዕረፍት ነው የሚነዳው። ልቡ ይጋልባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሥጋው ይረግፋል። የማሰልጠኛው ሐኪም ማዳመጫውን ደረቱ ላይ ሲያደርግ ምን የሚሰማ ይመስልሻል?››

‹‹ቢሞትስ?››

‹‹አጠገቡ ነው የምተኛው። ልቡን እቆጥራለሁ፤ ከባሰ አቆማለሁ።›› ሰኢድ ወዳለበት መጋዘን አየ። ‹‹እዚያ ከወሰዱት ግን ማን ይቆጥርለታል?››

‹‹አንተስ? ይሄ እኮ የራስህ ነው። ሌላ ከየት ታገኛለህ?›› መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴ ወራት ይጠፋል።

‹‹ይበርደኝ ይሆናል›› አለ። ከዚያ ማንም እንዳይሰማ አስማለኝ፤ ልጁም ቢሆን፣ እናቱም ብትሆን። ከሰሙ ደስታቸው ያጋልጣቸዋል አለ።

ቀጥሎ ያየሁትን ማንም እንዲያይ አልመኝም። ሰኢድ በየቀኑ ሲከሳ ይታያል። በብርድ ያልበዋል፤ የያዘው ኩባያ ይንኳኳል፤ ዓይኑ አይከደንም። ‹‹ጋሼ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር እየመታኝ ነው›› እያለ ያለቅሳል። ልጁ ኪኒኑን አልውጥም ሲል ጠባቂው መንጋጋውን ፈልቅቆ ይይዘዋል፤ አሰግድ ምላሱ ላይ ያደርግለታል። በቀዳዳ ያዩ ሴቶች አሉ። ያዩት ይህንኑ ነው፤ ውሸት አላወሩም። ሌላው ሲተኛ አሰግድ ጣቱን የልጁ የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ እንደሚቆይ ግን ማን ያያል?

መኪናው መጣ፤ ሰኢድን ወሰደው። ዘይነባ ከመኪናው ኋላ እየሮጠች ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ቀን ሰኢድን ‹‹የልብ በሽተኛ፣ ለውትድርና የማይሆን›› ብለው መለሱት። በዚያው ቀን ዘነበ አሰግድን አጋድሞ ቀድሞ በተተለተለው የውስጥ እግሩ ላይ በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፈው። ተንኮሉ ገብቶት አይደለም፤ ያልተሳካለት ሐኪም መስሎት ነው። ሲሰለቸው ደጅ ላይ አውጥቶ ጣለው።

የጎደለችው አንድ ሰው ከየት እንደተሞላች አላውቅም። መሞላቷን ግን አውቃለሁ፤ ኮታ ጎድሎ አያድርም ነበር። ደርግ ወድቆ ዘነበም ከሸሸ በኋላ ‹‹አሁን እንኳ ለዘይነባ ልንገራት›› ብዬ ለምኜው ነበር። ‹‹ለዘይነባ ከነገርሽ በእሱ ምትክ ለሄደው ልጅ እናትም መንገር አለብሽ›› አለኝ። ‹‹እሷ ማን እንደሆነች ካወቅሽ ንገሪኝ፤ አብረን እንሄዳለን።›› ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም።

ከእስር በወጣ በሁለተኛው ወር አሰግድ ራሱ የነገረኝን ያን ሌላ ሰው አገኘሁት። መድኃኒቱ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ፊቱ አበጠ፤ ሽፋሽፍቱ ከበደ፤ ምላሱ ወፍሮ ቃላቱ አፉ ውስጥ ይንከባለላሉ። በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርቦ ይገባል። ተማሪ ሲረብሽ ዝም ብሎ ያያል። የሚፈሩት ልጆች መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ በኋላ ግን አንዱ መጥቶ ‹‹ቲቸር አስካለ፣ ጋሽ አሰግድ ለምን አይቆጣንም?›› ብሎ አለቀሰብኝ። እኔም አልቅሼ ነበር። አንድ ቀን ‹‹ሦስተኛው ጠርሙስ ገባሁ›› አለኝና ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀበት።

በዚያ ሰሞን ነው አቃቂ ገበያ ውስጥ ድንች ስንገዛ ዘይነባ ያየችው። ሰኢድ ገና አላገገመም፤ የረገፈው ሥጋው አልተመለሰለትም። እሷ ሰው እየገፈተረች መጣች። የፕላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በሶሉ ፊቱን ጠፈጠፈችው።

‹‹ልጄን የልብ በሽተኛ አደረግኸው! ለጥርስህ ብለህ ልጄን ሸጥከው!›› ያቺ አንቱ ስትለው የነበረች ሴት አንተ እያለች ትመታዋለች። ጉንጩን፣ ጆሮውን፣ አፉን። ገና ያልዳነው ድዱ ደም አወጣ። ሰው ከቦ ያያል፤ ‹‹በይው! ደግ አደረግሽ!›› የሚል አለ። አንዱ ከኋላ ድንች ወረወረበት። አሰግድ እጁን እንኳ ለመከላከል አላነሣም፤ እንደ ግንድ ቆሟል። እኔ አላስቻለኝም። ‹‹ዘይነባ፣ ስሚኝ! ልንገርሽ!›› ብዬ ስወረወር የእጄን አንጓ ያዘ። በዚያ ድካሙ ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ እንጃ።

‹‹ተያት›› አለኝ፣ በዚያ ባበጠ ምላሱ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየገፋ። ‹‹ልጇ ግንባር ያለባት ሴት እንዲህ የመምታት አቅም የላትም።››